መጨረሻቸውን ያላየኋቸው ትያትሮች

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ትያትር ጽፌ አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁም። ያኔ ብትጠይቁኝ በአባቴ ስም ምዬ እክድ ነበር። ዛሬ ግን ፀጉሬም ሸብቷል፣ የሚያሳፍረኝም ነገር ቀንሷል፣ ስለዚህ ልናገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂጂጋ ውስጥ ያኔ ትያትር የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነበር። የማታ መብራት አይታመንም፤ ሴቶቹም ሳይመሽ ቤታቸው መግባት ነበረባቸው። ስምንት ሰዓት ይጀመራል እየተባለ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ይውልና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ገና ወንበር ሲመርጥ ታገኙታላችሁ። የመጨረሻው የሐረር መኪና ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካራማራን መሻገር ስላለበት ሾፌሩ የገዛ እናቱንም ቢሆን አይጠብቅም። የእኔ ጽሑፍ የሚሄደው በዚያ ሾፌር እጅ ነበር፤ ከሐረር ደግሞ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሚነሳው አውቶቡስ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበር። አዘጋጁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው በቀይ ቀለም እየጻፈ የሚልክልኝን ቁጣ ብቻ ነው። ሳምንት የቆየ ሂስ ያደረ ቂጣ ነው ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ትያትሩ እየታየ እጽፋለሁ። አሥር ሰዓት ከሩብ ሲሆን አጎንብሼ እወጣና መጨረሻውን ወደ መኪናው እየሮጥኩ ከራሴ እሞላዋለሁ። ምን ችግር አለው? ክፉው ይዋረዳል፣ ልጅቷ ታገባለች፣ በመጨረሻም እውነት ታሸንፋለች። ያን ሁሉ ዓመት አንድም አንባቢ አልተቃወመኝም።

ወደ ትያትር ያስገባኝ አባቴ ነው። ከመሃል አገር መጥቶ ጂጂጋ የቀረ ልብስ ሰፊ ነበር። ደርግ ወድቆ ክልሉ የራሱን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ልብሳቸውን እንዲሰፋ ጠሩት። የመድረኩንም መጋረጃ የሰፋው እሱ ነው፤ ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ፣ ሰማያዊ ቀለም ነክሮ። ፀሐይ በኋላው መስኮት ስትገባ የጆንያው ፊደሎች ተገልብጠው ከሰማያዊው ሥር ይታያሉ። አሁንም በእንቅልፍና በንቃት መሃል ስሆን የሚመጣብኝ ያ መጋረጃ ነው። ነፋሱ በበሩ ሥር ገብቶ ቀስ እያለ ይነፋዋል፣ ከኋላው ሰዎች ይንሾካሾካሉ፣ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቆሞ ይታያል፣ ማንም አይቸኩልም። በሕልሜ ውስጥ የምቸኩለው እኔ ብቻ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እተረጉም ነበር፤ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ። ሶማሊኛን የተማርኩት በመንገድ ላይ ነው፣ ኳስ ስንጫወትና ስንሰዳደብ። ግጥማቸውን ግን በወጉ የሰማሁት ከኪነት ቡድኑ ጋር ነው። እዚያ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ግጥም ባለቤት አለው። የሰው ግጥም የሚያሰማ ሰው ሳይጀምር ወይም ሲጨርስ ይህ የእገሌ ነው፣ እኔ አሰማሁ እንጂ አልገጠምኩም ብሎ ሕዝብ ፊት ይናገራል። ካልተናገረ ሌባ ነው፣ ከፍየል ሌባም ይብሳል። እኛ ቤት «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። እነሱ ተረቱን አያውቁትም፣ ግን ሲኖሩበት አየሁ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቡድኑ ጋር የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት አሮጌው ገበያ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ትያትር ውስጥ እናት ትሆናለች። ዕድሜዋ ለእናትነት አይደርስም፤ ከእኔ ቢበዛ ስድስት ዓመት ብትበልጥ ነው። እኔ አባዮ እላት ነበር፣ እህቴ ማለት ነው፤ እሷ ወላል ትለኛለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። ያደገችው አፍደም፣ ባቡር ጣቢያው ሥር ነበር። ባሏ ሲታመም ድሬዳዋ ሐኪም ቤት ይወስዱታል ብላ በባቡር ሸኘችው። ባቡሩ ተመለሰ፣ እሱ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ባቡር በመጣ ቁጥር ወጥታ ፉርጎ ትቆጥር ነበር ይላሉ፣ አንድ ዓመት ሙሉ። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ዋናው ተዋናይ ደግሞ ረጅም፣ ድምፁ ከደረቱ ሥር የሚወጣ፣ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሻይ ቤቶች ዝም የሚሉለት ሰው ነበር። ከእኔ በዕድሜ ስለሚበልጥ በአማርኛ ስናወራ አንቱ እለዋለሁ። «እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ለምን ታበዛኛለህ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ትያትር አንድ አባትና አንዲት እናት ልጃቸውን ሲጠብቁ የሚያሳይ ነበር። ተዋናዩ አባት፣ እሷ እናት። መሃል ላይ አባትየው ተነስቶ ለባቡሩ ይናገራል፣ ረጅም ግጥም ነው። ይህን ሁሉ በር ይዘህ ትመጣለህ፣ ለእኔ የሚከፈት አንዱ እንኳ የለህም? ይላል። በሶማሊኛው ቃላቱ በአንድ ፊደል እየጀመሩ ይመጣሉ፣ እንደ ፉርጎ አንዱ ሌላውን እየጎተተ። ወገኖቼ፣ አዳራሹ መተንፈስ አቆመ። የጫት መኪና ጥሩምባ ውጭ ሲነፋ ብዙ ሰው ብድግ ማለቱ የታወቀ ነው፣ ያን ቀን ግን የተነሱት እንኳ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እናት የሆነችው ሴት አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። ዓይኗን አንዴም አላነሳችም። እኔ እንባዬ እየወረደ ሰዓቴን አየሁ። አሥር ከሩብ ሆኗል።

ሌላ ጊዜ የግጥሙ ባለቤት አስቀድሞ ይነገራል። ያን ቀን ግን አልተነገረም። ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ወደ መኪናው እየሮጥኩ ያለ ሐሳብ ጻፍኩት። ተዋናዩ በገዛ ግጥሙ ሰውን አስለቀሰ፣ ዛሬ ጂጂጋ ገጣሚ አገኘች አልኩ። ሂስ ነውና አንድ ነገር መንቀፍም ያስፈልጋል፣ እናት ሆና የተጫወተችው ሴት ግን ያ ሁሉ ግጥም ሲወርድ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም አልኩ። መጨረሻ ላይ እውነት አሸነፈች ብዬ ዘጋሁት። ሾፌሩ ፖስታውን ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክቶ ሄደ።

ጋዜጣው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በየሻይ ቤቱ ተነበበ፣ ለማያነበው እየተተረጎመ ተነገረ። አንድ ካሴት ቤት ግጥሙን ቀድቶ ሽፋኑ ላይ የተዋናዩን ፎቶና ስም አደረገበት። ካሴቱ እስከ ጉናጋዶ ገበያ ወረደ፣ ድንበር ተሻገረ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ስንት ሰው ነው? ካሴቱን የሰማው ደግሞ ስንት? የአዲስ አበባ ጋዜጣ የጻፈውን ማን ሐሰት ይለዋል? እኔ ደግሞ ኩራቴ ጣሪያ ነካ፤ ወይ ጅልነት።

አንድ ቀን ወደ አባቴ ሱቅ መጣች። አባቴ ቁልፍ እየተከለ ነበር፣ እኔ ካውያውን ከሰል እሞላለሁ። በሩ ላይ ቆማ በሶማሊኛ ጠየቀችኝ፦

«ወላል፣ የዚያን ቀን መጨረሻውን አይተሃል?»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አላየሁም ብል የስንት ዓመት ስሜ ይፈርሳል። እንዴት ሃያሲ ነው ሊሉኝ ነው፤ አባቴም አጠገቤ አለ። አይቻለሁ እንጂ፣ እስከ መጨረሻው አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እሺ አለችና ሻሿን አስተካክላ ሄደች። ያን ሳምንት ከቡድኑ ወጣች፣ ወር ሳይሞላ ከጂጂጋም ሄደች አሉ። የት እንደሄደች አልጠየቅኩም፤ አንዲት ተዋናይ ተነቀፈችና አኮረፈች፣ በቃ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ዓመታቱ እንዴት እንዳለፉ እኔም አላውቅ። ጋዜጣው ተዘጋ። እኔ ወደ ሌላ ሥራ ገባሁ፣ የዘፋኞችንና የተዋንያንን ሕይወት መጻፍ። ቤተሰብ ፎቶ በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ እኔ ቴፕ ይዤ እቀመጣለሁ። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የአንዷን ዘፋኝ ሕይወት ለመጻፍ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ የግመል ወተት ጠጥቻለሁ። ያንዱ ልጆች ደግሞ አባታቸው አጭር እንደነበር እኔም እነሱም እያወቅን ረጅም ነበር በልልን ብለው ለመኑኝ። አልኩላቸው፣ ምን አባቴ ላድርግ? የሞተ ሰው ጥቂት ቢረዝም ማንን ይጎዳል? ያ ሁሉ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ቴፑ ራሱ እየዞረ የሚያወራ ይመስለኛል። ሰዎች የማያስታውሱትን ነገር በሚያምር ድምፅ ሲያስታውሱ መስማት እወድ ነበር።

አንድ ቀን ያ ተዋናይ አስጠራኝ። ታሟል፣ እግሩ አብጧል፣ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር አልጋ አውጥተውለት እዚያ ይውላል። ሕይወቴን ጻፍልኝ አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሁለት ወር ያህል ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ጥላው ሲዞር አልጋውን እናዞራለን። ስለ ልጅነቱ፣ በጦርነቱ ስለ መሰደዱ፣ ስለ መጀመሪያው ጫማው አወራኝ። ድምፁ አልደከመም ነበር፤ ሰውነቱ ሄዶ ድምፁ ብቻ የቀረ ነው የሚመስለው።

የባቡሩ ግጥም ላይ ደረስን። እጁን ዘርግቶ ቴፑን አጠፋው።

የማን ነው? አለኝ። የእርስዎ ነው እንጂ አልኩ። ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። ውኃ ጠጥቶ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ አንድ ቀን እንኳ የእኔ ነው ብዬ አላውቅም። አንተ ነህ ያልከው። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

ከዚያ ያላየሁትን መጨረሻ ነገረኝ። ትያትሩ ሲያልቅ ተዋንያኑ በሙሉ ተሰልፈው ቆሙ። እሱ ወደ ፊት ወጣና አባትየውን ሆኜ የተናገርኩት ግጥም የእኔ አይደለም፣ አጠገቤ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ የነበረችው ሴት ነች የገጠመችው፣ ባሏን የጠበቀችበት ነው ብሎ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጠራ። አስቀድሞ ያልተናገረው ግጥሙ ሲሰማ ሰው ፊቷን እያየ እንዳያሳቅቃት ብላ እሷ ራሷ ስለለመነችው ነበር። ስሟ ሲጠራ ዓይኗን አነሳች። ከአፍደም ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው አለኝ።

እግዚኦ። እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች ብዬ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ የአባቴ ሱቅ በር። ያን ቀን አላየሁም ብላት ኖሮ ስህተት መሆኑን ታውቅ ነበር። አይቻለሁ ስላት ግን ስሟን በጆሮዬ ሰምቼ፣ አውቄ፣ ሻይ ሻጭ ናት ብዬ የጣልኳት መሰላት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ውሸት ግን እያደር ከብዶ ጠበቀኝ። ኒሙ ሥር እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ተዋናዩም አላባበለኝም።

ሸደር እንዳለች የነገረኝ እሱ ነው። የስደተኞች ካምፕ ከተከፈተ ወዲህ ከተማዋ ሰው በዝቶባታል፣ እሷም እህቷ ጋ ሆና ሻይ ቤት ከፍታለች። በማግስቱ በጠዋት መኪና ሄድኩ። ያ መንገድ ሜዳ ነው፤ አድማሱ ላይ ውኃ የሚመስል ነገር ይንቀጠቀጣል፣ ስትደርሱበት ይጠፋል።

ከመግባቴ አወቀችኝ። የልብስ ሰፊው ልጅ ብላ ሻይ አስቀመጠችልኝ። ብዙ አልተለወጠችም፤ የሻሿን ጫፍ አሁንም በጣቷ ትጠቀልላለች። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። አባዮ፣ መጨረሻውን አላየሁም ነበር፤ አይቻለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው አልኩ። ስለ መኪናው ነገርኳት፣ ስለ አዘጋጁ፣ አንዱንም ትያትር ጨርሼ እንደማላውቅ። እየተናገርኩ ምክንያቴ ሁሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ተሰማኝ። እሷ ብርጭቆ ታጥባለች። አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበችው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሰምተህ የተውከኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ተቀመጠች።

አንጀቴን በላችው። ቸኩዬ ቃል መግባት ጀመርኩ። የተዋናዩ መጽሐፍ ሊታተም ነው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምሽን በትልቁ አደርገዋለሁ፣ ፎቶሽንም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ስሜን የሰጡኝ በአፍ ነበር፤ በወረቀት ወሰድክብኝ። በአፍ መልስልኝ። እዚያው አዳራሽ፣ ሰው ፊት። ወረቀት ላይ እንዳታስቀምጠኝ።»

እኔ ደግሞ ሕዝብ ፊት ንግግር የማልችል ሰው ነኝ። በአማርኛም ብርክ ይይዘኛል፤ እንኳን በሶማሊኛ፣ ስለ ግጥም፣ ግጥም በሚያውቅ ሕዝብ ፊት። ታውቃለች መሰለኝ። እሺ አልኳት። ትመጫለሽ? ብላት እመጣለሁ አልልህም አለች።

መጽሐፉ ታተመ፤ ያ ምዕራፍ ላይ ግጥሙ የተዋናዩ እንዳልሆነ፣ ባለቤቱ በአፍ እንደሚነገር ብቻ ጻፍኩ። የምረቃው ቀን አዳራሹ ሞላ። የአባቴ መጋረጃ ተቀይሯል፣ አሁን ቀይ ከፋይ ነው። ተዋናዩን በወንበር ተሸክመው ፊት ለፊት አስቀመጡት። እሷም መጣች። በሩ አጠገብ፣ ድሮ እኔ እቀመጥበት የነበረው ጥግ ላይ ነጭ ሻሽ አጥልቃ አየኋት።

ከዚያ ንግግር ተጀመረ። ባለሥልጣን ተነሳ፣ ሽማግሌ ተነሳ፣ ሌላ ባለሥልጣን ተነሳ፤ ንግግር ላይ ንግግር። አዘጋጆቹ እኔን መጨረሻ አድርገውኛል። እጄ ላይ የጻፍኩት ማስታወሻ በላቤ ረጥቦ ቀለሙ ወረደ። ስጠራ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ አላየሁም። መድረኩ ላይ ወጥቼ በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ጀመርኩ፤ እኔ አንድም ትያትር እስከ መጨረሻው ያላየሁ ሃያሲ ነኝ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ከዚያ የአባቴ ሱቅ በር ላይ የዋሸሁትን ተናገርኩ፣ ማንም አልሳቀም። የባቡሩ ግጥም የእሷ ነው ብዬ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጠራሁ። ድምፄ ተሰበረ፣ ደገምኩት። ተዋናዩ ከወንበሩ እጁን አነሳና በዚያ ድምፁ ሐቅ ነው አለ። አዳራሹ እንዳለ ተቀበለው።

ወደ በሩ አየሁ። ወንበሩ ባዶ ነው።

በሰው መሃል ተጋፍቼ ወጣሁ። በሩ ላይ የቆመውን ሽማግሌ ጠየቅኩት። ሴትየዋ አንተ ለመናገር ከመነሳትህ ትንሽ ቀደም ብላ ወጣች አለኝ። ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ፤ እንደ ድሮው ሮጥኩ፣ ጉልበቴ ግን የድሮው አይደለም። የሸደር መኪና ሄዷል።

በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። እንቅልፍ ስላልነበረኝ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ሜዳው ሲፈስ፣ ሰው ሲያወራ እንደ ሕልም እሰማለሁ። ከፊቴ የወተት ዕቃ የታቀፈች ሴት ለጎረቤቷ ስለ ባቡሩ ግጥም ታወራለች። የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አለቻት፣ ስሙንም ጠራችው፣ ከነአባቷ ከነአያቷ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያለፈው። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ስም ደግማ እስክትጠራው ጠበቅኩ። ደገመችው።

ሻይ ቤቷ ገብቼ ገና ቁጭ ሳልል ለምን ሄድሽ አልኳት፤ ቁጣም ልቅሶም ነበረው መሰለኝ አጠያየቄ። እሷ ስኳር እየለካች ቀና ሳትል መለሰች፦

«መኪናው አይጠብቅም። አንተ ታውቃለህ።»

ሻዩን አስቀመጠችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የጠየቀችኝ እንደዚያን ቀን፣ በአባቴ ሱቅ በር ላይ በጠየቀችበት ድምፅ ነበር፦

«መጨረሻው እንዴት ነበር?»

ነገርኳት። ምንም አልዘለልኩም፤ ላቤን፣ ሳቁን፣ የተሰበረውን ድምፄን፣ ተዋናዩ እጁን ማንሳቱን፣ መኪና ውስጥ የሰማኋትን ሴት። ስጨርስ እስቲ ግጥሙን በልልኝ አለች። ተነስቼ ቆምኩ። አስቀድሜ የማን እንደሆነ ተናገርኩ፣ ከዚያ ጀመርኩ። ሦስት ቦታ ላይ አነጋገሬን አረመችኝ፣ ባረመችኝ ቁጥርም ከመጀመሪያው፣ ከስሟ አስጀመረችኝ። በሦስተኛው ላይ ዓይኗን አነሳችና ሳቀች። ተዋናዩ የነገረኝን ሳቅ፣ እኔ ጥዬው የሮጥኩትን፣ ያኔ አየሁት።

ተዋናዩ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። እሷ አሁንም ሸደር ናት።

ስሟን እዚህም አልጻፍኩም፤ ቃል ገብቻለሁ። እሷን ትቼ የሌላውን ብጽፍ ደግሞ ነውር ስለሆነብኝ የማንንም አልጻፍኩም። ጂጂጋ ከሄዳችሁ ግን የባቡሩ ግጥም የማን ነው ብላችሁ ሻይ ቤት ውስጥ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ፤ ይነግራችኋል። ሲነግራችሁ ረዘም ያደርገዋል፣ መኪናችሁም ሊነሳ ይችላል። እስኪጨርስ ቁጭ በሉ።